ወታደሩ ወጣ፣ ህንድ ግን አልወጣችም

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ማልዲቭስ በ2024 የህንድን ወታደሮች አስወጣች። ያኔ ብዙ ሰው ቻይና አሸነፈች ብሎ ነበር። ዓመት ከምናምን ቆይቶ ግን የህንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር እዚያው ዋና ከተማዋ ማሌ ላይ የነፃነት በዓል የክብር እንግዳ ሆነው አየናቸው። ህንድ ከእነዚህ ትንንሽ ደሴቶች የምትፈልገው ምንድን ነው? ፍላጎቷስ ተቀይሯል ወይስ ያው ነው?»

ግራ ቢገባዎት አይገርምም። ዜናው ተቆራርጦ ስለሚመጣ መስመሩ ይጠፋል። አጭሩን መልስ ላስቀድም። ህንድ ሌላ ኃያል አገር በደሴቶቹ ላይ ጦር እንዲያሰፍር አትፈልግም። ይህ ከድሮም የነበረ፣ ዛሬም ያለ ነው። የተቀየረው ቅድሚያ የምትሰጠው ጉዳይ ነው። ድሮ የሚያስጨንቃት ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ማን አለ የሚለው ነበር። አሁን የሚያስጨንቃት ወደቡ ላይ የማን መርከብ ቆሟል የሚለው ነው። ለመጀመሪያው ጭንቀት ወታደር ትልክ ነበር። ለሁለተኛው ብድር፣ ራዳርና ሄሊኮፕተር ትልካለች። ይህን ለመማር ብዙ ሰው ሞቶባታል፤ ስለዚህ ታሪኩን ትንሽ ዘርዘር ላድርገው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ካርታውን ይመልከቱ። ስሪላንካና ህንድ በጣም በሚቀራረቡበት ቦታ በመካከላቸው ያለው ባሕር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማልዲቭስ ደግሞ ከሰሜን ወደ ደቡብ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋች የደሴቶች ሰንሰለት ናት። 1,200 ገደማ ደሴቶች አሏት፤ ሰው የሚኖርባቸው ግን 200 አይሞሉም። ሕዝቧ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነው። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ነዳጅ ጭነው ወደ ቻይናና ጃፓን የሚሄዱ መርከቦች በእነዚህ ሁለት አገሮች ደጃፍ ያልፋሉ። ህንድ ራሷ ከምትጠቀመው ድፍድፍ ነዳጅ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነውን የምታስገባው ከውጭ ነው። እዚያ የሚተከል የባዕድ ራዳር የህንድን የነዳጅ መስመር ቁልጭ አድርጎ ያያል።

ዛሬ ወሬው ሁሉ ስለ ቻይና ነው። ህንድ መጀመሪያ የሰጋችው ግን አሜሪካን ነበር። ብሪታኒያ ከስዊዝ በስተምሥራቅ ያለውን ጦሯን ለማስወጣት በ1968 ስትወስን፣ አሜሪካ በህንድ ውቅያኖስ ባለችው ዲዬጎ ጋርሺያ ደሴት ላይ የጦር ሰፈር ለመሥራት ተዘጋጀች። የደሴቲቱ ነዋሪዎች ከነቤተሰባቸው ተነቅለው ወደ ሞሪሽየስና ሲሼልስ ተወሰዱ። በዲሴምበር 1971 ባንግላዲሽ በተወለደችበት ጦርነት ደግሞ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ኢንተርፕራይዝ የተባለችውን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ወደ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ላኩ። ዴልሂ ይህን አልረሳችም። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በስሪላንካ አነሳሽነት የህንድ ውቅያኖስ የሰላም ቀጠና ነው ብሎ ሲያውጅ ህንድ ደግፋ ቆመች።

ከዚያ የስሪላንካ ጣጣ መጣ። ሌላውን ሁሉ ቢዘሉት እንኳ ይህን አይዝለሉት።

ስሪላንካ ውስጥ ብዙኃኑ ሲንሃላዎች በሚመሩት መንግሥትና ለታሚሎች የራሳቸው አገር እንዲኖራቸው በሚዋጉት በታሚል ነብሮች መካከል ጦርነት ተነስቶ ነበር። ህንድ ውስጥ በታሚል ናዱ ክልል በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ታሚሎች ይኖራሉ። ስለዚህ ጦርነቱ ለዴልሂ የውጭ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ምርጫ የሚያሸንፉበትና የሚሸነፉበት የቤት ጉዳይም ነበር። በጁላይ 29 ቀን 1987 የህንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ራጂቭ ጋንዲ ኮሎምቦ ሄደው ከፕሬዚዳንት ጃየዋርደኔ ጋር ስምምነት ፈረሙ። በማግስቱ ለክብር ሰልፍ ከቆሙት የስሪላንካ ባሕርተኞች አንዱ ራጂቭን በጠመንጃው ሰደፍ መታቸው። የህዝቡ ስሜት ምን እንደነበረ ከዚህ ይረዱታል።

የህንድ ጦር በሰላም አስከባሪ ስም ገባ። ሥራው ነብሮቹን ትጥቅ ማስፈታት ነበር። ሁለት ወር ከምናምን ቆይቶ ግን ራሱ ከነብሮቹ ጋር ጦርነት ገጠመ። በደቡብ ደግሞ ጃናታ ቪሙክቲ ፔራሙና የተባለው የሲንሃላ ግራ ዘመም ፓርቲ በህንድ መግባት ተቆጥቶ በመንግሥቱ ላይ አመፀ። የዚህን ፓርቲ ስም ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ጦሩ በማርች 1990 ሲወጣ 1,200 ያህል ወታደሮቹን አጥቶ ነበር። በሜይ 21 ቀን 1991 አንዲት የነብሮቹ አጥፍቶ ጠፊ ራጂቭ ጋንዲን በምርጫ ቅስቀሳ ላይ ገደለቻቸው።

ከዚያ በኋላ ህንድ ለውጊያ የተዘጋጀ ጦር ወደ ጎረቤት ደሴት አልላከችም።

ከ1987ቱ ስምምነት ጋር የተያያዘ አንድ ደብዳቤ አለ። ጋዜጦች ብዙም አያነሱትም፤ ለእርስዎ ጥያቄ ግን ከስምምነቱ ዋና ጽሑፍ ይበልጣል። ስሪላንካ ትሪንኮማሊን ወይም ሌላ ወደቧን የህንድን ጥቅም በሚጎዳ መንገድ ለማንኛውም አገር ወታደራዊ አገልግሎት እንደማትሰጥ ቃል ገባች። ትሪንኮማሊ ላይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የቀሩ ግዙፍ የነዳጅ ታንከሮች አሉ፤ እነሱም ከህንድ ጋር በጋራ ሊታደሱ ተስማሙ። ዛሬ ዴልሂ የምትጠይቀው ያኔ በደብዳቤው የጻፈችውን ነው። ወታደሮቹ ሞተው ያላመጡት ነገር በወረቀቱ ላይ ነበር።

በዚያው ሰሞን ግን የተሳካ ዘመቻም ነበር። በኖቬምበር 3 ቀን 1988 ከስሪላንካ በጀልባ የመጡ ቅጥረኛ ተዋጊዎች በአንድ የማልዲቭስ ነጋዴ አስተባባሪነት ማሌ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ፕሬዚዳንት ጋዩም ተደብቀው እርዳታ ጠየቁ። የህንድ አየር ወለዶች ከአግራ ተነስተው ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ በርረው በዚያው ሌሊት ሁልሁሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወረዱ። ቅጥረኞቹ ታጋች ይዘው በመርከብ ቢሸሹም የህንድ ባሕር ኃይል ደረሰባቸው። ይህ ዘመቻ በህንድ ወታደራዊ ትምህርት ቤቶች አሁንም በኩራት ይነሳል። የኔ አስተያየት ግን ሌላ ነው። የተሳካው የተጠራች ስለነበረችና ቶሎ ስለወጣች ነው። ሁለቱ ነገሮች ባይኖሩ የስሪላንካው ዓይነት በሆነ ነበር።

ቀጣዩን ዘመን በፍጥነት ልለፈው። በዲሴምበር 2004 ሱናሚው ሲመታ የህንድ መርከቦች ራሷ ህንድ ተጎድታ እያለ ለስሪላንካና ለማልዲቭስ ቶሎ ደረሱ። በ2008 የሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች ሲበረቱ ባሕር ኃይሏን ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ላከች። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 26 ቀን አሥር ታጣቂዎች በባሕር መጥተው ሙምባይ ላይ 166 ሰው ገደሉ። ያን ጊዜ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ዋና የደኅንነት ጥያቄ ሆነ። ህንድ በሲሼልስ፣ በሞሪሽየስ፣ በማልዲቭስና በስሪላንካ የጠረፍ ራዳሮች መትከል ጀመረች። በ2018 ደግሞ ከዴልሂ አጠገብ ጉሩግራም ላይ የመርከብ እንቅስቃሴ መረጃ የሚሰበሰብበት ማዕከል ከፈተች። ለደሴቶቹም ይህ ጥሩ ነበር፤ የራሳቸውን ሰፊ ባሕር የሚጠብቁበት መርከብና ገንዘብ የላቸውምና።

አሁን ወደ ቻይና እንምጣ። በሴፕቴምበር 2014 የቻይና ሰርጓጅ መርከብ ኮሎምቦ ወደብ ታየ። ዴልሂ ደነገጠች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና መጣ። በ2017 ስሪላንካ በቻይና ብድር ያሠራችውን የሃምባንቶታ ወደብ ለአንድ የቻይና ኩባንያ ለ99 ዓመት በ1.12 ቢሊዮን ዶላር አከራየች። በዚያው ዓመት ቻይና ጂቡቲ ላይ የመጀመሪያውን የውጭ ጦር ሰፈሯን ከፈተች። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ሰፈር ከቅርብ እናውቀዋለን፤ ከወጪና ገቢ ንግዳችን አብዛኛው በዚያው በጂቡቲ በር ያልፋል። ለህንድ ግን ጂቡቲና ሃምባንቶታ የአንድ መስመር ሁለት ጫፎች ሆነው ታዩ።

የህንድ ቅድሚያ መቀየሩ ቁልጭ ብሎ የታየው በፌብሩዋሪ 2018 ነው። የማልዲቭሱ ፕሬዚዳንት አብዱላ ያሚን ወደ ቻይና ያዘነበሉ ሰው ነበሩ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችንም አሰሩ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሞሐመድ ናሺድ ህንድ በጦር ኃይል የተደገፈ መልእክተኛ እንድትልክ በይፋ ተማፀኑ። የ1988ቱ ጥሪ እንደገና መጣ ማለት ነው፤ ያውም ለህንድ በሚመች አጋጣሚ። ህንድ ወታደር አልላከችም። ጠበቀች። በሴፕቴምበር ምርጫ ተደረገና ያሚን ተሸነፉ። አዲሱ ፕሬዚዳንት ኢብራሂም ሶሊህ «ህንድ ትቅደም» የሚል ፖሊሲ ይዘው መጡ። ከዚህ ዴልሂ የተማረችው ይመስለኛል፦ የደሴት መንግሥት በምርጫ ይቀየራል፣ ወታደር የላከ ግን ለትውልድ ይጠላል።

ትምህርቱ የተፈተነው በ2023 ነው። ሞሐመድ ሙይዙ «ህንድ ትውጣ» በሚለው ስሜት ላይ ተሳፍረው ምርጫውን አሸነፉ። እንዲወጡ የተጠየቁት ወታደሮች ስንት ነበሩ ቢሉኝ 90 አይሞሉም። ህንድ በሰጠቻቸው ሁለት ሄሊኮፕተሮችና አንድ ዶርኒየር አውሮፕላን ላይ የሚሠሩ ነበሩ። ዋና ሥራቸው ከሩቅ ደሴቶች በሽተኛ ወደ ማሌ ማመላለስና ባሕር መቃኘት ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ የባዕድ ወታደር ግን ትንሽ የሚባል የለውም። የማልዲቭስ ሰው ወታደር አገሬ ውስጥ ለምን ኖረ ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነበር፤ ዴልሂም መጀመሪያውኑ ሲቪል ሠራተኞች ብትመድብ ኖሮ ዘመቻው ይህን ያህል ጉልበት ባላገኘ ነበር።

በጃንዋሪ 2024 ሦስት የማልዲቭስ ምክትል ሚኒስትሮች የህንዱን ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲን የሚዘልፍ ነገር በማኅበራዊ ሚዲያ ጻፉ። ከሥራ ታገዱ። ህንድ ውስጥ ማልዲቭስ አትሂዱ የሚል ዘመቻ ተነሳ። በ2023 ከጎብኚዎች ሁሉ የሚበልጡት ህንዶች ነበሩ፤ በ2024 ቻይናውያን ቀደሟቸው። ይህ የህዝብ ቁጣ ለህንድ አልጠቀመም። አንድ ሆቴል ውስጥ የሚሠራ ወጣት ደመወዙ ሲቀንስ የሚያስታውሰው ማን እንዳስቀነሰበት ነው።

መንግሥቱ ግን ከህዝቡ የተሻለ ተረጋግቶ ሠራ። ቀኖቹን ያስተውሉ። በፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024 ሞዲና የሞሪሽየሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ፕራቪንድ ጃግናውት አጋሌጋ ላይ ህንድ የሠራችውን 3,000 ሜትር ያህል የአውሮፕላን ማረፊያና የመርከብ መድረክ መረቁ። አጋሌጋ 300 ያህል ሰው የሚኖርባት፣ ከዋናው ደሴት 1,100 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ ቦታ ናት። በማርች 6 ቀን ህንድ በራሷ የላክሻድዊፕ ግዛት፣ ከማልዲቭስ ሰሜናዊ ጫፍ 130 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ሚኒኮይ ላይ አዲስ የባሕር ኃይል ሰፈር ከፈተች። የመጀመሪያዎቹ ወታደሮች ከማልዲቭስ የወጡት ከዚያ ቀጥሎ በዚያው ወር ነው። የመጨረሻዎቹ እስከ ሜይ 10 ወጥተው አለቁ። ሄሊኮፕተሮቹና አውሮፕላኑ እዚያው ቀሩ፤ ወታደሮቹን የተኩት ሲቪል የህንድ ቴክኒሻኖች ናቸው። ዓለም ህንድ ወጣች ሲል፣ ህንድ በዙሪያው ቦታዋን እያሰፋች ነበር።

ከዚያ ገንዘቡ መጣ። ማልዲቭስ በ2024 አጋማሽ የውጭ ምንዛሬዋ ተሟጦ ዕዳዋን መክፈል ትቸገራለች የሚል ስጋት ነበር። ህንድ የሚከፈልበት ቀን የደረሰውን የ50 ሚሊዮን ዶላር የግምጃ ቤት ሰነድ ሁለት ጊዜ አራዘመችላት። በኦክቶበር ሙይዙ ዴልሂ ሲሄዱ የ400 ሚሊዮን ዶላርና የ30 ቢሊዮን ሩፒ የምንዛሬ ልውውጥ ስምምነት ይዘው ተመለሱ። በጁላይ 2025 ሞዲ ለ60ኛው የነፃነት በዓል ማሌ ሲገኙ 565 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆን ብድር አስታወቁ። ጠያቂያችን ያዩት ምስል ይህ ነው። ሙይዙ ሐሳባቸውን ገለበጡ የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። የፈለጉትን አገኙ፤ ወታደሩ ወጣ፣ ብድሩ ገባ። ህንድም የምትፈልገውን አላጣችም።

ስሪላንካ ላይም ተመሳሳይ ነው። በኤፕሪል 2022 አገሪቱ ዕዳዬን መክፈል አልችልም ስትል፣ ለነዳጅና ለጋዝ ሰልፉ ቀናት ሲወስድ፣ ህንድ በዚያ ዓመት 4 ቢሊዮን ዶላር ያህል በብድርና በልዩ ልዩ መንገድ ሰጠች። ይህም ሆኖ በኦገስት ዩዋን ዋንግ 5 የተባለችው የቻይና የክትትል መርከብ ሃምባንቶታ ቆመች። ብዙ ህንዳውያን ውለታ ቢስነት ነው አሉ። የከረመ ዕዳ ያለበት አገር ግን ሁለቱንም አበዳሪ ማስቀየም አይችልም። ከብዙ ግፊት በኋላ ኮሎምቦ በ2024 ለአንድ ዓመት በምርምር ስም የሚመጡ የውጭ መርከቦችን ሁሉ ከለከለች፤ የማንንም ስም ሳትጠራ።

ያን ፓርቲ አስታወሱት? በሴፕቴምበር 2024 የስሪላንካ ፕሬዚዳንት የሆኑት አኑራ ኩማራ ዲሳናያኬ የጃናታ ቪሙክቲ ፔራሙና መሪ ናቸው። የህንድን ጦር በመቃወም ደም ያፈሰሰው ፓርቲ ማለት ነው። የመጀመሪያ የውጭ ጉዟቸውን ያደረጉት ወደ ዴልሂ ነው። ምድራቸው የህንድን ደኅንነት ለሚጎዳ ነገር እንደማይውል ቃል ገቡ። በኤፕሪል 2025 ሞዲ ኮሎምቦ ሲሄዱ የመከላከያ ትብብር ሰነድ ተፈረመ። ዝርዝሩ ለሕዝብ አለመውጣቱ እዚያ ጥያቄ አስነስቷል፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። ለደሴት ሕዝብ ከሚያስፈራው ነገር አንዱ መሪዎቹ በስውር ምን ፈረሙ የሚለው ነው።

ሲሼልስ ላይ ህንድ የወደቀችው በዚሁ ምክንያት ነው። በ2015 በአሳምሽን ደሴት ላይ የአውሮፕላን ማረፊያና የባሕር ጠባቂዎች መገልገያ ልትሠራ ተስማማች። በ2018 ተሻሽሎ ተፈረመ። ሕዝቡ ተቃወመ፤ ተቃዋሚዎች የያዙት ምክር ቤትም አላፀድቅም አለ። አሳምሽን ግዙፎቹ ኤሊዎች ከሚኖሩበት ከአልዳብራ አጠገብ ናት። ሰው ደሴቱን የጦር ሰፈር ሆኖ ማየት አልፈለገም። አጋሌጋ ያሉ ሰዎችም የዲዬጎ ጋርሺያ ዕጣ እንዳይደርሰን ብለው ሲሰጉ ሞኝነት አድርጎ ማየት ልክ አይደለም። የዲዬጎ ጋርሺያ ተፈናቃዮች አሁንም በሕይወት አሉ።

ህንድ የምትሳሳትበት ቦታ የት ነው ካሉኝ ሁለት ነገር እላለሁ። አንደኛው ፍጥነት ነው። ቻይና ማሌን ከአውሮፕላን ማረፊያው ጋር የሚያገናኘውን ድልድይ በሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ሠርታ በ2018 አስመረቀች። ህንድ በ2020 ቃል የገባችው ትልቁ የማሌ ድልድይ በ2025 አጋማሽ እንኳ አላለቀም ነበር። ተራው ሰው በየቀኑ የሚሻገርበትን ነው የሚያየው። ሁለተኛው የዓሣው ጉዳይ ነው። የታሚል ናዱ አጥማጆች የባሕሩን ወለል በሚጠርግ መረብ የስሪላንካን ውሃ ገብተው ያጠምዳሉ። የሚጎዱት በሰሜን ስሪላንካ ያሉ፣ ከጦርነቱ በቅጡ ያላገገሙ ታሚል አጥማጆች ናቸው። ዴልሂ ስለ ቻይና ሰርጓጅ መርከብ ታወራለች፤ ጃፍና ያለው አጥማጅ ግን ደኅንነት ሲባል የሚታየው የተቀደደው መረቡ ነው። ማልዲቭስም ቢሆን ስጋቷ ባሕሩ ራሱ ነው፤ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው መሬቷ ከባሕር ወለል አንድ ሜትር ከፍ አይልም። በ2014 የውሃ ማጣሪያው ተቃጥሎ ማሌ የሚጠጣ ውሃ ስታጣ ህንድ በአውሮፕላን ውሃ አደረሰች፤ በጃንዋሪ 2021 ደግሞ የኮቪድ ክትባት ከመጀመሪያዎቹ አገሮች ተርታ ላከችላት። በደሴቶቹ ሰው ልብ ውስጥ የቀረው ይህ ነው።

ባሕር ኃይሏ ፋይዳ የለውም ማለቴ አይደለም። በማርች 2024 የህንድ ጦር መርከቦች በሶማሊያ ወንበዴዎች የተጠለፈችውን ሩዌን የተባለች የጭነት መርከብ አስለቅቀው 17 ባሕርተኞች አድነዋል፤ 35 ወንበዴዎችም እጅ ሰጥተዋል። ያ ባሕር የእኛም ዕቃ የሚመጣበት ነው።

«ታዲያ ቻይና አሸነፈች ወይ?» ለሚለው፣ አሁን ባለው ሁኔታ አላሸነፈችም፤ ግን አልሄደችምም። በጃንዋሪ 2025 ዲሳናያኬ ቤጂንግ በሄዱ ጊዜ የቻይናው የነዳጅ ኩባንያ ሲኖፔክ ሃምባንቶታ ላይ 3.7 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ የነዳጅ ማጣሪያ ሊሠራ ተፈራረመ። ሦስት ወር ሳይሞላ ደግሞ ህንድ ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር ሆና ትሪንኮማሊን የነዳጅ ማዕከል ለማድረግ ከስሪላንካ ጋር ተፈራረመች። ዜናውን መከታተል ከፈለጉ እነዚህን ሁለት ወደቦች ይከታተሉ፤ የትኛው ቀድሞ ሥራ እንደሚጀምር፣ የምርምር መርከብ የተባለም በየትኛው እንደሚቆም።